«ልጄ ኮሌጅ ጨርሶ ጎሚስታ ሊሆን ነው»

ሰላም ናችሁ? የዚህ ሳምንት ዓምዳችንን አንድ ደብዳቤ ወስዶታል ማለት ይቻላል። የመጣው ከአሜሪካ፣ ከሰሜን ካሮላይና ነው። ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ «ቆይ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አለ፣ ሌላው ደግሞ የራሱን ጥያቄ ጨመረ። በዚያው ሰሞን ከሌሎች አንባቢዎች የመጡትንም አብሬ አስገብቻቸዋለሁ። የእናቲቱን ደብዳቤ ላስቀድም።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሻርሎት ነው። ልጄ ኮሌጅ የገባው ፉትቦል ተጫውቶ ባገኘው ስኮላርሺፕ ነው፤ የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፣ ያንን የሚጋጩበትን። አራት ዓመት ተጫወተ፣ ዘንድሮ ተመረቀ። ትልቁ ሊግ አልመረጠውም። እውነቱን ልንገርህ፣ በልቤ ተመስገን ነው ያልኩት፤ አሁን እንደ ሰው ሥራ ይይዛል ብዬ። ባለፈው መጥቶ ‹እማዬ፣ ናስካር ውስጥ ጎማ መቀየር ሊያሠለጥኑኝ ነው› አለኝ። ጎማ! አባቱ አዲስ አበባ እያለ መካኒክ ነበር፤ ከጥፍሩ ሥር ግሪስ ጠፍቶ አያውቅም። ልጁ ከዚያ እንዲወጣ ነው ሁለታችንም ሌሊት የሠራነው። አሁን ዘመድ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ልጄ ተሞኝቷል ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?» — እናት፣ ከሻርሎት

መልስ፦ እናቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ልጅ አስመርቀዋል። ወደ ጎማው እንምጣ።

ቅር አይበልዎትና ያልገባዎት እርስዎ ነዎት። አይፈረድብዎትም፤ «ጎማ መቀየር» የሚለው ቃል ነው ያሳሳትዎት። ልጅዎ ጎማ ይነካል፣ እሱ እውነት ነው። ሥራው ግን ከጎሚስታ ቤት ይልቅ እስከ ትናንት ሲጋጭበት ለነበረው ሜዳ ይቀርባል።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ናስካር የአሜሪካኖቹ የመኪና ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ቢች ላይ ተቋቋመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መኪኖቹ ከላይ ሲታዩ ተራ የመንገድ መኪና ይመስላሉ፣ ከውስጥ ግን ሌላ ናቸው። የብዙዎቹ ቡድኖች ጋራዥ የሚገኘው እናታችን በሚኖሩበት በሻርሎት ዙሪያ ነው፤ ኮንኮርድ፣ ሀንተርስቪል፣ ሙርስቪል። ልጁ ሥራውን ያገኘው ሩቅ አገር ሄዶ አይደለም፣ ሰፈሩ ውስጥ ነው።

ውድድሩ ሦስት፣ አራት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መሀል ጎማ ያልቃል፣ ነዳጅ ያልቃል። ሹፌሩ ከመንገዱ ወጥቶ ፒት ወደሚባለው መስመር ይገባል። እዚያ ዝቅ ያለ ግንብ አለ፣ ከግንቡ ጀርባ አምስት ሰዎች ይጠብቃሉ። መኪናው ሲቃረብ፣ ገና ሳይቆም፣ ግንቡን ዘለው ፊቱ ይገባሉ። ታክሲው ሳይቆም የሚዘል ወያላ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ እነዚህ የሚዘሉት ወደ መኪናው ፊት መሆኑ ነው። አራቱን ጎማ ይቀይራሉ፣ ነዳጅ ይሞላሉ፣ መኪናው ይፈተለካል። ስንት ደቂቃ? ደቂቃ የለም። 10 ሰከንድ አካባቢ ነው። ጎበዝ የሚባሉት ከዚያም ይወርዳሉ።

እኔ አንዴ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ አንዷን ጎማ ለመቀየር 50 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ክሪኩ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፣ አንዱ ዳዶ አልፈታ አለ፣ በመጨረሻም አንድ የአይሱዙ ሹፌር አዝኖልኝ ነው የጨረሰልኝ። ስለዚህ 10 ሰከንድ ሲባል ስሜቱ በደንብ ይገባኛል።

አምስቱ ምን ምን ይሠራሉ? አንዱ ክሪክ ይዞ ይሮጣል። ክሪኩ ከአሉሚኒየም የተሠራና ከ10 ኪሎ ብዙም የማይርቅ ነው። ባለ ክሪኩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ጎን ይዞራል፣ እጀታውን በሙሉ ሰውነቱ አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ ይጫነዋል፣ ከ1500 ኪሎ የማያንሰው መኪና በአንድ ጎኑ ብድግ ይላል። ሁለት ሰዎች ጎማ ቀያሪዎች ናቸው፤ አንዱ የፊቱን፣ አንዱ የኋላውን። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እነሱ ሽጉጥ የሚሉትን በአየር የሚሠራ መፍቻ ይዘው። አራተኛው አዲሱን ጎማ ተሸክሞ ይሮጣል፤ አንዱ ጎማ ከነቸርኬው ከ20 ኪሎ በላይ ነው። አምስተኛው ነዳጅ ይሞላል፤ ትከሻው ላይ የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እሱን ይዞ ነው ግንብ የሚዘለው። የቀኙ ጎን ሲያልቅ መኪናው ይወርዳል፣ ሁሉም በመኪናው ዙሪያ ሮጠው ወደ ግራ ይመጣሉ፣ ያንኑ ይደግማሉ። ባለ ክሪኩ መኪናውን የለቀቀባት ቅጽበት ለሹፌሩ ምልክት ናት፤ ክሪኩ ወረደ ማለት ሂድ ማለት ነው።

እናቴ፣ አሁን ይንገሩኝ፤ ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው የአባቱ ሥራ? አባቱ ጆሮውን ሞተር ላይ አድርጎ ሕመሙን ፈልጎ የሚያገኝ ባለሙያ ነበር፣ ያ ትልቅ ዕውቀት ነው። ልጁ ሞተር ላይ እጁን ላያሳርፍ ይችላል። ልጁ የሚቀጠረው በእግሩ፣ በትከሻውና በዓይኑ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሳምንቱ መኪናውን ሲሠሩ የከረሙት መካኒኮች ራሳቸው ናቸው እሁድ ዕለት ጎማ የሚቀይሩት። ሆድ ያለውም፣ ሲጋራ የሚያጨሰውም ይዘላል። ነገሩን ቀድመው የነቁበት ውድ ብራዘርስ የሚባሉ ከቨርጂኒያ፣ ስቱዋርት ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። መኪናው መንገድ ላይ ለማግኘት የሚለፋውን ሰከንድ ቆሞ ሳለ ማግኘት እንደሚቻል ገባቸው። እንቅስቃሴያቸውን እንደ ጭፈራ አጠኑት። እ.ኤ.አ. በ1965 ኢንዲያናፖሊስ 500 ለሚባለው ሌላ ትልቅ የመኪና ውድድር ተጠርተው የጂም ክላርክን መኪና እንዲያስተናግዱ ተደረገ፣ ክላርክም አሸነፈ።

አትሌት ማምጣት የተጀመረው ግን በ1990ዎቹ ነው። ሄንድሪክ ሞተርስፖርትስ የሚባለው የኮንኮርድ ቡድን ውስጥ ጄፍ ጎርደን የሚባል ወጣት ሹፌር ነበር። የእሱ ቡድን አለቃ ሬይ ኤቨርንሃም ደግሞ አንዲ ፓፓታናሲዩ የሚባል ሰው አመጣ። ይህ ሰው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የተጫወተ ነው፣ ያውም ከፊት መስመር ግዙፎቹ አንዱ። የናስካር የመጀመሪያው የፒት አሠልጣኝ የሚባለው እሱ ነው። ያደረገው ነገር ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ ክብደት ማንሳት፣ ልምምድ፣ ቪዲዮ እያዩ ስህተት መልቀም፣ ኮሌጅ ቡድን ውስጥ የለመደውን ሁሉ ወደ ጋራዥ አስገባ። ጎርደን በ1995፣ በ1997 እና በ1998 ሻምፒዮን ሆነ። የማሸነፉ ምክንያት ጎማ ቀያሪዎቹ ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ጎርደን ራሱ ሹፌር ነበር! ግን ሌሎቹ ቡድኖች ዓይናቸው ተከፈተ፣ እነሱም ስፖርተኛ መፈለግ ጀመሩ።

ሌላም አለልዎት። እዚያው ሀንተርስቪል ያለው ትልቅ ቡድን ባለቤት ጆ ጊብስ ነው። ጊብስ ማን ነው? የዋሽንግተን የፉትቦል ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ የትልቁን ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው። የመኪና ቡድኑ መወዳደር የጀመረው በ1992 ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የፉትቦል ልጅ ሲያይ ምን እንደሚያይ መገመት አይከብድም። ልጅዎን የጠሩት ሰዎች አዝነውለት አልጠሩትም፣ ፈልገውት ነው።

እሺ፣ «ለምን ትልቁ ሊግ አልገባም?» የሚል ዘመድ ይኖራል፤ ዘመድ መቼም አይጠፋም። ለሱ ይሄን ይንገሩት። ከ130 በላይ ትልልቅ ኮሌጆች በየቡድናቸው እስከ 85 ልጅ በስኮላርሺፕ ሲይዙ ኖረዋል፤ ትንንሾቹን ኮሌጆች ሳንቆጥር። 32ቱ የትልቁ ሊግ ቡድኖች በዓመት አንዴ በሚደረገው ምርጫ የሚወስዱት ደግሞ 260 ገደማ ነው። ሂሳቡን እሱ ይሥራው። የቀረው ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው? ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ሰውነቱን ለአንድ ነገር ሲያዘጋጅ ኖሮ በ22 ዓመቱ አንድ ቀን «በቃ» ይባላል። ብዙዎቹ ያ ቀን ይሰብራቸዋል። ልምምዱ፣ ጓደኞቹ፣ አሠልጣኙ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋው። ፒት ክሩ፣ ማለትም ከግንቡ የሚዘለው ቡድን፣ ለእነዚህ ልጆች የሚሰጠው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ያንን ኑሮ መልሶ ይሰጣቸዋል። ከትልቁ ሊግ ወጥተው የመጡም አሉ። ጆሽ ቡሽ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ ትልቁ ሊግ ገብቶ፣ ከዴንቨር ብሮንኮስ ጋር የሱፐር ቦውል 50 የአሸናፊነት ቀለበት ያደረገ ልጅ ነው፣ እሱም በኋላ ወደ ናስካር ፒት መጣ። ቀለበት አድርጎ የመጣበትን ቦታ የእርስዎ ልጅ በዲግሪ ቢመጣበት የሚያሳፍረው ምኑ ነው?

አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። «ሊያሠለጥኑኝ ነው» ነው ያለዎት፣ «ተቀጠርኩ» አላለም። ቡድኖቹ ከኮሌጅ የወጡ ልጆችን ሰብስበው ይፈትናሉ፣ ያሯሩጣሉ፣ ጎማ ያሸክማሉ፣ ጥቂቱን ያስቀራሉ። የቀሩትም ቢሆኑ በቀጥታ ትልቁ ውድድር ላይ አይወጡም። ወራት ሙሉ አንዲት እንቅስቃሴ ይደጋግማሉ፣ ከዚያ በፒክ አፕ መኪኖች ውድድርና በሌሎች ዝቅተኛ ውድድሮች ይሞከራሉ። ትልልቆቹ ቡድኖች ልጆቻቸውን ለትንንሾቹ ያከራያሉም። ስለዚህ ለዘመድ «ሥልጠና ላይ ነው» ይበሉ። ውሸትም አይደለም፣ ደስም ይላል።

ለራስዎ ደግሞ፣ ሻርሎት መሀል ከተማ የናስካር ሙዚየም አለ፣ በ2010 የተከፈተው የዝና አዳራሽ። እዚያ ጎብኚው ራሱ ክሪክና ጎማ የሚሞክርበት ቦታ አላቸው። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። አባትየውም ይምጣ፤ እሱ ከልጁ ጋር ቢወዳደር ማን እንደሚቀድም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «መሮጥና መፍጠን ከሆነ ቁም ነገሩ እኛ ጋ ሯጭ ሞልቶ የለ እንዴ? ለምን ከቦቆጂ አይወስዱም? ደግሞ ፉትቦል የሚጫወት ሰው ግዙፍ ነው፣ እንዴት ይፈጥናል?» — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ አገር ወዳድነት አለበት፣ ግን አይሆንም። የቦቆጂ ልጅ 10 ሺህ ሜትር ይሮጥልሃል። 40 ኪሎ ጀሪካን አሸክመህ ግንብ አስዘልለው ብትለኝ ግን እኔ ራሴ እከለክልሃለሁ። እዚህ የሚፈለገው አምስት ስድስት እርምጃ ነው፤ ከቆመበት ተነስቶ እንደ ጥይት፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መንበርከክ፣ እንደገና መነሳት። ፉትቦልን አንዴ ረጋ ብለህ እየው። አንድ ጨዋታ ሲባል ከአምስት እስከ ሰባት ሰከንድ የምትፈጅ ግርግር ናት፣ ከዚያ ቆም ይሉና እንደገና ይጀምራሉ። ፒት ስቶፕም፣ መኪናው ፒት ገብቶ የሚቆምባት ቅጽበት፣ እንደዚያው ነው፣ ለዚህ ነው አካላቸው ቶሎ የሚቀበለው።

ግዙፍ ስላልከው፣ ሁሉም ግዙፍ አይደለም። ያ 140 ኪሎ የሆነው የፊት መስመር ተጫዋች እንዳለ ቢመጣ አይጠቅምም፣ ክብደት ይቀንስ ይባላል። ሰፋ ያለ ትከሻ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ነዳጁ ወይም ወደ ክሪኩ ይሄዳል። ቀለል ያለውና እጀ ፈጣኑ ጎማ ቀያሪ ይሆናል፤ እዚያ ላይ የቤዝቦልና የትግል ልጆችም አሉ።

ደግሞ ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከየጂሙ ሰው ይለቅሙ ነበር። ፉትቦል የተጫወተ ልጅ ያለው ሌላ ነገር አለ፤ መሰደብ ለምዷል። ይቅርታ፣ መታረም ልበል። አሠልጣኝ ቪዲዮ ከፍቶ «ግራ እግርህ እዚህ ጋ ለምን ገባ?» ሲለው አያኮርፍም። ሺህ ጊዜ አንድ ነገር ድገም ሲባል ይደግማል። ቡድኖቹ ከጣሪያ ላይ ካሜራ ሰቅለው እያንዳንዱን ልምምድ ይቀርጻሉ፣ ከውድድር በኋላም ቁጭ ብለው እርምጃ በእርምጃ ያዩታል። ከአንድ ሰው የጠፋች ግማሽ ሰከንድ የአምስቱም ናት። ክሪኩ ከዘገየ ጎማ ቀያሪው ፈጥኖ መድረሱ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይሄ እኔንም ያስገረመኝ ነው። እስከ 2021 ድረስ አንድ ጎማ አምስት ዳዶ ነበረው። አዲሶቹ ዳዶዎች ቀድመው ቸርኬው ላይ በሙጫ ተለጥፈው ይመጡ ነበር፤ ጎማ ቀያሪው አምስት ይፈታል፣ አምስት ያስራል፣ ጆሮህ ለይቶ ሊቆጥረው አይችልም፣ አንድ ረጅም ጩኸት ነው የሚመስለው። በ2022 አዲስ መኪና መጣ፣ መሀል ላይ አንዲት ትልቅ ዳዶ ብቻ። ቸርኬውም ከብረት ወደ አሉሚኒየም ተቀየረ። ድሮ 12 እና 13 ሰከንድ ጥሩ የነበረው አሁን ወደ 9 ወረደ። የእጅ ሥራው ሲያጥር ምን ቀረ? በመኪናው ዙሪያ ያለው ሩጫ። ስለዚህ እንደኔ እንደኔ ያቺ አንድ ዳዶ አትሌቱን ይበልጥ ተፈላጊ አድርጋዋለች። የድሮዎቹ ጎማ ቀያሪዎች በዚህ ደስ አላላቸውም፣ የዓመታት የእጅ ጥበብ በአንድ ዳዶ ሲለወጥ ማን ደስ ይለዋል?

ከዚያ በፊት በ2018 ደግሞ ከግንቡ የሚዘሉትን ሰዎች ከስድስት ወደ አምስት ቀንሰዋቸዋል፣ መፍቻውም ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደርጓል። መሣሪያው እኩል ሲሆን ልዩነቱ ሰው ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ «ሴት የለችበትም?» — ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ አለች። ብሪያና ዳንኤልስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። ናስካር ከነጮች ውጭ ያሉ ወጣቶችንና ሴቶችን ለማምጣት ያካሂደው የነበረ ፕሮግራም ነበር፣ ሙከራውን ኮሌጆች ድረስ ሄዶ ያደርግ ነበር፣ እሷም በዚያ ነው የገባችው። በ2018 ክረምት ዴይቶና ላይ በትልቁ ውድድር ጎማ ቀይራለች፤ በፒት ክሩ ውስጥ የሠራች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናት። ወደ ፕሮግራሙ ከመግባቷ በፊት ስለ ናስካር ምንም የማታውቅ ልጅ ነበረች። ሴቶቹ አሁንም ጥቂት ናቸው፣ በጣም ጥቂት።

ጥያቄ፦ «እንዲህ በሚከንፍ መኪና ፊት መዝለል አደጋ የለውም? ሰው አይገጭም?» — ከአትላንታ

መልስ፦ ይገጫል። አንተ ያለህበት ከተማ አጠገብ ያለው የውድድር ሜዳ ላይ ነው መጥፎው ቀን የሆነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 አንድ መኪና ፒት ውስጥ ተሽከርክሮ ቆሞ የነበረውን የቢል ኤሊዮትን መኪና መታው፣ የኋላውን ጎማ እየቀየረ የነበረ ሰው መሀል ገብቶ ሞተ። እስከዚያን ቀን ድረስ በፒት መስመር ውስጥ የፍጥነት ገደብ አልነበረም። አስበው፣ ሰዎች ተንበርክከው እየሠሩ መኪናው እንደፈለገው ይበራል! በ1991 ገደቡ ተደነገገ። የራስ ቁር ግዴታ የሆነው ደግሞ ከዚያም ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ እሳት የሚከላከል ልብስ ይለብሳሉ፣ ቁር ያደርጋሉ፣ ፍጥነቱም በኤሌክትሮኒክስ ይለካል። ቢሆንም መገጨት አልቀረም፤ ሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ከጎረቤት ቡድን መኪና ጋር የሚላተም አለ። የሚነሳ ይነሳል፣ አጥንቱ የሚሰበር አለ። ከዚያ ውጭ ያለው የዘወትር ጉዳት ጉልበትና ወገብ ነው፣ አስፋልት ላይ መንበርከክ ቀልድ አይደለም።

«ሁሉም በአንድ ጊዜ» ያልኩት ለምን መሰለህ? አደጋ ሲኖር ቢጫ ባንዲራ ይወጣል፣ መኪኖቹ ቀስ ብለው ይሰለፋሉ፣ ያን ጊዜ አብዛኛው አብሮ ወደ ፒት ይገባል። ሰባተኛ ሆኖ የገባ ሹፌር ምንም ሳያደርግ፣ መሪውን ይዞ ቁጭ ብሎ፣ ልጆቹ ስለፈጠኑ ብቻ ሦስተኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ወይም በተቃራኒው። ማርሹን ያስገባል፣ ይወጣል፣ እነዚያ አምስት ልጆች ያደረጉለትን ወይም ያደረጉበትን ከፊቱ ባሉት መኪኖች ቁጥር ያያል። ጎማ በደንብ ሳይታሰር ወጥቶ መንገድ ላይ ከወለቀ ደግሞ ቅጣት አለ፤ ያሰሩት ልጆች ለተወሰነ ውድድር ይታገዳሉ።

ጥያቄ፦ «ስንት ያገኛሉ? ስንት ዓመትስ ይሠራሉ?» — እዚሁ ቢሮ ካለ፣ ስሙ እንዳይጠቀስ ከለመነ ባልደረባ

መልስ፦ አንተ ደግሞ ሁሌም ገንዘብ። ሥልጠና ላይ ያለ ልጅ በፒት ሥራ ብቻ አይኖርም፣ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሥራ ይደርባል። ትልቁ ውድድር ላይ የደረሰው ግን ደህና ይኖራል፤ ደመወዝ አለው፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ ደግሞ ጉርሻ። ሹፌሩ የሚያገኘውን ያገኛል ብለህ ግን አትጠብቅ። የዕድሜውን ነገር ካነሳህ፣ ከፉትቦል ይሻላል፤ 30ዎቹን ተሻግረው የሚሠሩ አሉ። ከዚያ አሠልጣኝ የሚሆን ይሆናል፣ ጋራዡ ውስጥ የሚቀር ይቀራል።

እዚህ ላይ ለሻርሎቷ እናትም አንድ ምክር አለኝ። ልጁ ሊፈርም ሲል ሦስት ነገር ይጠይቅ። ልምምድ ላይ ብጎዳ ሕክምናዬን ማን ይከፍላል? ለሌላ ቡድን ብከራይ ደመወዜን ማን ይሰጠኛል? ከሥልጠና በኋላ ካልተመረጥኩ ጋራዡ ውስጥ ሥራ አለኝ? ወጣት ነው፣ ግንቡን መዝለል ብቻ ነው የሚታየው። ወረቀቱን እርስዎ ያንብቡት።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ እናታችን ሌላ አጭር መልእክት ላኩ።

ጥያቄ፦ «ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል? ከቅዳሴ በኋላ ምሳ አብረን ነው የምንበላው።»

መልስ፦ እናቴ፣ እሱን ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ነው። ከየካቲት እስከ ኅዳር፣ በዓመት 36 ጊዜ፣ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በሌላ ክፍለ ሀገር። ልጆቹ ከውድድሩ ጥቂት ሰዓት በፊት በአውሮፕላን ይሄዳሉ፣ ማታውን ይመለሳሉ። አንዳንድ ዓመት ለፋሲካ እረፍት ይሰጣሉ፣ ግን ለፈረንጆቹ ፋሲካ ነው፣ የእኛ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚውለው። በግንቦት መጨረሻ ግን ኮንኮርድ ላይ፣ ከቤትዎ አጠገብ፣ የዓመቱ ረጅሙ ውድድር አለ፣ 600 ማይል። የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ቅዳሴውም አያመልጥዎትም። ጆሮ መድፈኛ ይዘው ይሂዱ፣ ጩኸቱ ሌላ ነው። ዶሮ ወጡን ግን ለሰኞ ያቆዩት።